የቆሮሶን መኖ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጥቁር አዝሙድ ማጠናከር፦ ለኩሬ ዓሣ አርቢዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በኩሬ ዓሣ የሚያረባ ሰው አዘውትሮ የሚያሳስበው ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው ጫጩቶቹ በታሰበው ጊዜ ለገበያ የሚበቃ ክብደት ላይ አለመድረሳቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ መረብ በተጣለ ወይም ብርድ በገባ ማግሥት የሞቱ ዓሦች በውሃው ላይ ተንሳፈው መታየታቸው ነው። ለሁለቱም ችግሮች በየጓዳው ያለው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ የሚረዳበት መንገድ አለ። ይሁን እንጂ ዕፅዋቱ የሚረዱት በግራም ተመዝነው፣ ሳይበላሹ ተዘጋጅተውና ትክክለኛው ጊዜ ተመርጦላቸው ሲሰጡ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በሀገራችን ኩሬዎች በብዛት የሚረባውን ቆሮሶን (ቲላፒያን) መሠረት አድርጎ ነው፤ አምባዛ የሚያረቡ ሰዎችም የአዘገጃጀቱን ክፍል እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አስቀድሞ ዕፅዋቱ በዓሣ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ መረዳት ይጠቅማል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ እንስሳትን ለማፋፋት ሲባል አንቲባዮቲክ በመኖ ውስጥ መጨመርን ከከለከለ ወዲህ፣ ዕፅዋትን በምትክነት የሚፈትሹ ጥናቶች በዓሣ ላይም በርክተዋል። በእነዚህ ጥናቶች በተደጋጋሚ የታየው ውጤት የሚከተለው ነው፦ የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ሽታ የዓሣውን የመብላት ፍላጎት ይቀሰቅሳል፤ አንዳንዶቹ ዕፅዋት ምግብን የሚፈጩ ኢንዛይሞች በበለጠ እንዲመነጩ ያግዛሉ፤ በደምና ቆዳን በሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ላይሶዛይም የተባለ ባክቴሪያ አፍራሽ ኢንዛይም ይጨምራል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ጀርሞችን የመዋጥ አቅማቸው ይጎለብታል። ዓሣ በአብዛኛው የሚተማመነው ከተወለደ ጀምሮ ባለው ጠቅላላ መከላከያ ላይ በመሆኑ፣ ይህን መከላከያ ትንሽም ቢሆን ማነቃቃት እንደ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላና ስትሬፕቶኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች በሚያደርሱት የሞት መጠን ላይ ለውጥ ያመጣል።

አንደኛ፦ ኩሬውን መመርመር

ዕፅዋት ከመግዛት በፊት ቴርሞሜትር መግዛት ይቀድማል። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች የምግብ ፍላጎቱ እጅግ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ መብላቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። እንደ ሰበታ ባሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚገኙ ቦታዎች ኩሬ የቆፈረ አርቢ፣ ዓሦቹ በባቱ ወይም በአርባ ምንጭ አካባቢ ከሚረቡት ይልቅ ቀስ ብለው የሚያድጉት በብርዱ ምክንያት መሆኑን መቀበል አለበት፤ ብርዱን የሚያካክስ ቅመም የለም።

ቀጥሎ ጎህ ሲቀድ ወደ ኩሬው መውረድ ያስፈልጋል። ዓሦቹ በዚያ ሰዓት አፋቸውን ወደ ውሃው ገጽ አውጥተው አየር የሚቀዱ ከሆነ ኦክስጅን አጥሯቸዋል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ንጹሕ ውሃ ማስገባት፣ ፍግ መጨመርን ማቆምና መኖውን መቀነስ ነው። የውሃውን አረንጓዴነት ለማወቅ ክንድን እስከ ክርን ድረስ አስገብቶ መዳፍን ማየት በቂ ነው። ክርኑ ውሃው ላይ ከመድረሱ በፊት መዳፉ ከዓይን ከተሰወረ አልጌው ከመጠን በላይ በዝቷል።

ሦስተኛው ፍተሻ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ወንዱም ሴቱም ተቀላቅሎ የተለቀቀ ቆሮሶ ገና ጥቂት ወራት ሳይሞላው መራባት ስለሚጀምር፣ ኩሬው በጥቃቅን ዓሦች ይሞላና ሁሉም ባለበት ቆሞ ይቀራል። እንዲህ ባለው ኩሬ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት መጨመር ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው። አስቀድሞ ትንንሾቹን በመረብ ማውጣት፣ በሚቀጥለው ዙርም ወንድ ብቻ የሆኑ ጫጩቶችን ከታመነ ማባዣ ማግኘት ይገባል፤ ለዚህም በሰበታ፣ በባቱና በባሕር ዳር የሚገኙትን የዓሣ ምርምር ማዕከላት ማማከር ይቻላል።

ሁለተኛ፦ መሠረታዊውን መኖ ማስተካከል

ለማደግ ላይ ላለ ቆሮሶ ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ያስፈልጋል። ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ዓሣ የፕሮቲን እጥረት ስላለበት ዕፅዋት ቢጨመሩለትም አያድግም። በቅርብ ከሚገኙ ነገሮች 10 ኪሎ መኖ ለማዘጋጀት 4 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 2 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ ተቀቅሎና በደንብ ደርቆ የተፈጨ የዓሣ ተረፈ ምርት፣ 2 ኪሎ ፉርሽካ እና 1 ኪሎ የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት ቢቀላቀሉ ፕሮቲኑ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ ከተገኘ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመራል። በፋጉሎ ፈንታ የአኩሪ አተር ፍሬ የሚጠቀም ሰው ፍሬውን ሳያምስ መስጠት የለበትም፤ ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው። የዓሣው ተረፈ ምርትም መቀቀሉ የግድ ነው፤ አለበለዚያ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው በሽታ ተሸክሞ ይገባል።

በፋጉሎው ላይ ልዩ ጥንቃቄ እንዲደረግ አጥብቄ አሳስባለሁ። የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲቀመጥ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገ ጥናትም ፋጉሎው በዚህ መርዝ ተበክሎ መገኘቱን አሳይቷል። አፍላቶክሲን የዓሣን ጉበት ይጎዳል፤ በሽታ የመከላከል አቅሙንም ያዳክማል። የሻገተ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ፋጉሎ በፀሐይ ተሰጥቶ ቢደርቅ መርዙ አይወጣለትምና ከነጭራሹ መወገድ አለበት።

ሦስተኛ፦ ዕፅዋቱንና መጠናቸውን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር አርቢ አንድ ዕፅ ብቻ ይምረጥ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የቀላቀለ ሰው ዓሣው ቢሻሻልም ባይሻሻልም ምክንያቱን ሊያውቅ አይችልም።

ነጭ ሽንኩርት ለመጀመሪያ ምርጫ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የምግብ ፍላጎትን በመቀስቀስም ሆነ ባክቴሪያን በመቋቋም ረገድ በቆሮሶ ላይ በስፋት ከተፈተሹት አንዱ ነውና። የመነሻው መጠን ለ1 ኪሎ መኖ 10 ግራም የደረቀ ዱቄት ነው። በሙከራዎች እስከ 30 ግራም ተሰጥቷል፤ ነገር ግን መጠኑን ከፍ ማድረግ ዓሣውን በዚያው ልክ አያሳድገውም፤ ወጪውን ግን ያንራል። ጥቁር አዝሙድም እንደዚሁ በ10 ግራም ይጀመራል። ዝንጅብል በኃይለኛነቱ ምክንያት 5 ግራም ይበቃዋል፤ ከ10 ግራም ባያልፍም ይመረጣል። እርድ ደግሞ ከ2 እስከ 5 ግራም ባለው መጠን የሚሰጥ ሲሆን፣ ዋነኛው ንጥረ ነገሩ በውሃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ሁልጊዜ ከዘይት ጋር መለወስ አለበት።

የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ለከበደው ሰው ሽፈራው አለ። በኮንሶና በአርባ ምንጭ አካባቢ የዘወትር ምግብ የሆነው ይህ ቅጠል ሲደርቅ ሩቡ ያህል ፕሮቲን ስለሆነ፣ የሚቆጠረው ከቅመም ይልቅ ከመኖ ነው፤ ከጠቅላላው መኖ እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ ሊተካ ይችላል። ጥሬው ቅጠል ሳፖኒንና ታኒን የተባሉ መራራ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ማደር፣ ውሃውም ተደፍቶ ቅጠሉ በጥላ መድረቅ ይኖርበታል። መጠኑ ከአንድ አሥረኛ ሲያልፍ ግን ዕድገት እየቀነሰ እንደሚሄድ ታይቷል።

አራተኛ፦ ዱቄቱን ማዘጋጀት

ለአብዛኛው ሰው ሙከራ መክሸፍ ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ማንበብ ይበጃል። የነጭ ሽንኩርት ኃይል አሊሲን ከተባለው ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ አሊሲን ግን ባልተነካው ሽንኩርት ውስጥ የለም። ሽንኩርቱ ሲወቀጥ ወይም ሲቆረጥ አንድ ኢንዛይም ተለቅቆ አሊን የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ወደ አሊሲን ይቀይረዋል። ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል። ከገንፎ ጋር አብሮ የበሰለ ነጭ ሽንኩርት መዓዛው ቢኖርም ጀርምን የመቋቋም ኃይሉን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። አሊሲን ራሱም ብዙ የማይቆይ፣ በጥቂት ጊዜ የሚበተን ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለት የአሠራር መንገዶች አሉ። የዕለቱን መኖ በዕለቱ የሚያዘጋጅ ሰው የተላጠውን ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ ወቅጦ፣ 10 ደቂቃ ያህል አቆይቶ፣ ከመኖው ጋር ለውሶ በዚያው ቀን ይሰጣል። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ክብደቱ ውሃ በመሆኑ፣ በ10 ግራም ዱቄት ምትክ ወደ 30 ግራም ትኩስ ያስፈልጋል። ለሳምንታት የሚሆን ዱቄት የሚፈልግ ሰው ግን ሽንኩርቱን አይወቅጠውም፤ በቢላዋ በስሱ ከትፎ በንጹሕ ሸራ ወይም ሰሌን ላይ አሳስቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር እንደ አየሩ ሁኔታ ከ3 እስከ 5 ቀን ያደርቀዋል። ቁርጥራጩ በጣት ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ከዚያ ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋል። በዚህ መንገድ የደረቀው ዱቄት ኢንዛይሙን እንደያዘ ስለሚቆይ፣ በኋላ በውሃ ሲርስ አሊሲን ማመንጨት ይጀምራል።

ዝንጅብል ታጥቦ ከነልጣጩ ይከተፋል፤ አራት አምስተኛው ውሃ ስለሆነ 5 ግራም ዱቄት ለማግኘት 25 ግራም ትኩስ ሥር ይጠይቃል። ጥቁር አዝሙድ ከአሸዋና ከጠጠር ተለቅሞ ይፈጫል። ለምግብ እንደምናደርገው ማመስ ግን ክልክል ነው፤ ታይሞኪኖን የተባለው ዋና ንጥረ ነገሩ በሙቀት ይተናልና። ዘይታማ ስለሆነም ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ይበላሻል፤ የሳምንቱን ብቻ መፍጨት ይመከራል። ሦስቱንም ከገበያ ሲገዙ ያልተፈጨውን መግዛት ይሻላል፤ በተፈጨ ቅመም ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን መለየት አይቻልምና። ዱቄቶቹ ክዳኑ በሚገጥም፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ተደርገው፣ የተዘጋጁበት ቀን ተጽፎባቸው በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣሉ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በሁለት ወር ውስጥ ማለቅ አለባቸው።

አምስተኛ፦ ማስላት

200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ኩሬ ውስጥ 400 ቆሮሶዎች አሉ እንበል። በመረብ 30 ያህሉን አውጥተን በአንድ ላይ ስንመዝናቸው 2.4 ኪሎ ከሆኑ፣ የአንዱ አማካይ ክብደት 80 ግራም ነው፤ የኩሬው ጠቅላላ ደግሞ 32 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ያህል ስለሚመገቡ የቀን መኗቸው 960 ግራም፣ የሁለት ሳምንቱ 13.4 ኪሎ ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ 10 ግራም ሲታሰብ ለሁለት ሳምንት የሚያስፈልገው የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ወደ 135 ግራም ይመጣል፤ ይህም ከ400 ግራም የተላጠ ትኩስ ሽንኩርት የሚገኝ ነው። የገዛ ኩሬን ቁጥር በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ አስገብቶ ማስላት ነው። በማንኪያና በእፍኝ መለካት አይሠራም፤ የወርቅ ሠሪ የመሰለ ሚዛን ባያስፈልግም 5 ግራምን የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን መኖር አለበት።

ስድስተኛ፦ ከመኖው ጋር ማዋሐድ

መኖውን ራሱ የሚያዘጋጅ አርቢ ከስንዴው ዱቄት ጥቂቱን በፈላ ውሃ አገንፍቶ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ገንፎ ይሠራል። ገንፎው በእጅ ሊያዝ እስኪችል ድረስ ይቀዘቅዛል። በዚህ መካከል የዕፁ ዱቄት በመጀመሪያ ከግማሽ ኪሎ ደረቅ መኖ ጋር፣ ቀጥሎ ያ ድብልቅ ከቀረው ጋር ይቀላቀላል፤ 135 ግራም ዱቄት በቀጥታ በ13 ኪሎ መኖ ላይ ቢበተን አንዱ ዓሣ ብዙ ሲያገኝ ሌላው ምንም አያገኝም። የቀዘቀዘው ገንፎ ከሁሉም ጋር ተለውሶ በሥጋ መፍጫ ውስጥ ያልፋል፤ የሚወጣው ገመድ መሰል ሊጥ በጥላ ደርቆ ይሰባበራል። ጥሩ ተጣብቆ እንደሆነ ለማወቅ አንዷን ቁራጭ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከትቶ መጠበቅ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በፊት ከፈረሰች ገንፎው አንሷል። የሚፈርስ መኖ ዓሣውን ሳያጠግብ ውሃውን ያበላሻል።

ዝግጁ መኖ የሚገዛ ሰው ሥራው ይቀልለታል። ለ1 ኪሎ መኖ የተመዘነውን ዱቄት በ20 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በጥብጦ፣ መኖውን በሳፋ ውስጥ እያገላበጠ ይለውሰዋል፤ ግማሽ ሰዓት በጥላ አቆይቶ ይሰጣል። ለነጭ ሽንኩርት ከሆነ ዱቄቱን በዘይት ከመበጥበጥ በፊት በጥቂት ውሃ አርሶ 10 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ኢንዛይሙ ያለ ውሃ አይሠራምና። በዚህ መልክ የተለወሰ መኖ ከሁለት ቀን በላይ ባይቀመጥ ይመረጣል።

ሰባተኛ፦ የአሰጣጥ ጊዜ

መኖው ውሃው ከሞቀ በኋላ፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይሰጣል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የማያልቅ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዓሦቹ አዲሱን ሽታ ሊሸሹት ስለሚችሉ በግማሽ መጠን መጀመር መልካም ነው።

ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ መስጠት አይገባም። የመከላከያ ሥርዓቱ ዘወትር ሲነቃቃ ምላሹ እየደከመ እንደሚመጣ በጥናት ስለታየ፣ አራት ሳምንት ሰጥቶ ሁለት ሳምንት ማሳረፍ የተሻለ አካሄድ ነው። ከዚህም በላይ የሚጠቅመው ዙሩን ዓሣው ከሚጨነቅበት ጊዜ ጋር ማገጣጠም ነው። የደጋ አርቢ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከመግባቱ በፊት፣ በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዙሩን ይጀምራል። ጫጩት ወደ ሌላ ኩሬ የሚያዛውር ወይም መረብ የሚጥል ሰው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀምራል። ብርዱ ከገባና ዓሣው መብላቱን ካቆመ በኋላ የሚሰጠው መኖ ከኩሬው ሥር ከመበስበስ በቀር ጥቅም የለውም።

ስምንተኛ፦ ለውጡን በንጽጽር መለካት

በዚያው ኩሬ ውስጥ ከጥሩ መረብ የተሰፉ ሁለት እኩል ከረጢቶች በእንጨት ተወጥረው ይተከላሉ፤ በእያንዳንዳቸውም ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆኑ 40 ዓሦች ይገባሉ። አንደኛው ዕፅ ያለበትን፣ ሁለተኛው ዕፅ የሌለበትን ተመሳሳይ መኖ በእኩል ሚዛን ይበላል። በየሁለት ሳምንቱ ተመዝነው፣ የተሰጠው መኖና የሞተው ዓሣ ተመዝግቦ ይያዛል። የተሰጠውን መኖ ለተጨመረው ክብደት ማካፈል ዋናውን ቁጥር ይሰጠናል፦ 40 ዓሦች በአራት ሳምንት ከ80 ወደ 116 ግራም ቢያድጉ ጭማሪው 1.44 ኪሎ ነው፤ የበሉት 2.88 ኪሎ ቢሆን ለአንድ ኪሎ ጭማሪ 2 ኪሎ መኖ ወጥቷል ማለት ነው። ዕፁ ባለበት ከረጢት ይህ ቁጥር ዝቅ ካላለ፣ የሞቱትም ካልቀነሱ፣ ወጪውን መቀጠል ተገቢ አይደለም።

ዘጠነኛ፦ ወደ ኩሬ ሊገቡ የማይገባቸው ዕፅዋት

ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ለዓሣ የሚስማማ አይደለም፤ ሀገራችንም ለዚህ የቆየ ምስክር አላት። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ዱቄት ከጥንት ጀምሮ ዓሣን አስክሮ ለመያዝ በወንዝ ውስጥ ሲበተን የኖረ ነው፤ ሮቴኖን የተባለው መርዙ ሕዋሳት ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ለመግደል እንደሚጠቅም ደርሰውበታል፤ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ያው ሳፖኒን ግን የዓሣንም ስንጥብ ያቃጥላል። በኩሬ ዳር ብርብራ መትከል፣ በመግቢያው ቦይ ላይ በእንዶድ ልብስ ማጠብ፣ የኒምና የትንባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ ውሃው ውስጥ መድፋት ሁሉም መቅረት አለባቸው። ቅርንፉድም ዘይቱ ዓሣን የሚያደነዝዝ ስለሆነ በመኖ ቅመምነት አይመረጥም። የፓፓያ ዘር ዱቄት የቆሮሶን መራባት እንደሚቀንስ በሙከራ ስለታየ፣ ቢያንስ ለእናትና ለአባት ዓሦች መሰጠት የለበትም።

ዓሣው አንድ ጊዜ ከታመመ፣ ማለትም ቆዳው ከቆሰለ፣ ዓይኑ ካበጠ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ከወጣበት፣ በቅመም ላድነው ብሎ ቀናትን ማሳለፍ የቀሩትን ያስጨርሳል። የታመመ ዓሣ አይበላም፤ ካልበላ ደግሞ በመኖ ውስጥ ያለው ዕፅ ወደ ሰውነቱ አይደርስም። የሞቱትን በየቀኑ አውጥቶ ከኩሬው ርቆ መቅበር፣ የውሃውን ንጽሕና ማሻሻል፣ ገና በሕይወት ያሉና ምልክቱ የታየባቸውን ሁለት ሦስት ዓሦች በራሱ በኩሬው ውሃ በባልዲ ይዞ ወደ ቅርብ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም የምርምር ማዕከል መውሰድ ያስፈልጋል። አንቲባዮቲክ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ በኩሬ ውስጥ መበተን ፈጽሞ አይገባም።

ዓሣው ለገበያ ሲደርስ፣ ሽታው በሥጋው እንዳይቀር ከመሰብሰቡ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለበት መኖ ይቆማል፤ በመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት ደግሞ አንጀቱ ባዶ እንዲሆን ምንም አይመገብም። በዚያ ቀን የተመዘነው ጠቅላላ ምርት፣ የፈጀው መኖና ለዕፅዋቱ የወጣው ብር በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ለሚቀጥለው ዙር ይቀመጣል።